የመስመሩ ጅራት

አለቂት የእደላ ክፍል ኃላፊ ሆና በተሾመችበት ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ተራ በተራ እየገባ "ሹመት ያዳብር" አላት። እሷም ፈገግ እያለች እጅ ጨበጠች፣ አመሰገነች። ዓይኗ ግን ከሚጨብጧት ሰዎች ትከሻ በላይ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ግድግዳው ላይ የከተማው ካርታ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ፖስታ አዳይ በየቀኑ የሚሄድበት መስመር በየራሱ ቀለም ተሰምሮበታል። ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ቢጫውን ሁሉ አልፋ አረንጓዴውን ፈለገች። አረንጓዴው ኮረብታው ነው። ጫፉ ላይ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጎን፣ አንድ ቤት አለ። "አገኘሁህ" አለች በልቧ።

እዚያ ቤት የሚኖረው ኮሌታ ነው። ኮሌታ በጊዜው የዚሁ ክፍል ኃላፊ የነበረ፣ ዛሬ እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት አዳዮቹ ናቸው። የሸሚዙ ኮሌታ በስታርች ከመድረቁ የተነሳ አንገቱን ብቻ ማዞር ስለማይችል፣ ከኋላው ሲጠሩት ከነትከሻው፣ ከነደረቱ ነበር የሚዞረው። ሲዞር ለማየት ብቻ ያለ ጉዳይ ይጠሩት ነበር ይባላል። ሳቁ ግን እዚያው ያበቃል፤ ብዕሩ ካርታው ላይ ካረፈ የአንድ ሰው ኑሮ ተናጋ ማለት ነበርና። እሷንም አለቂት ያሏት እነዚሁ አዳዮች ናቸው፤ ገና ተራ ሠራተኛ ሳለች ጀምሮ ማዘዝ ስለምትወድ።

የአለቂት አባት የኮረብታው አዳይ ነበር። ኮረብታው ደግሞ ሁለት አካሄድ አለው። የፖስታ መኪናው አዳዩን አናቱ ድረስ ወስዶ ካወረደው፣ አዳዩ እያደለ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከረጢቱም እየቀለለ፣ እግሩም እየቀለለው። መኪናው ታች ጥሎት ከሄደ ግን ሙሉ ከረጢት አንግቶ ደረጃውን ሽቅብ መውጣት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ሁሉ ደረጃ ባዶ ሆድ መመለስ። ቤቶቹ ያው ናቸው፣ ደብዳቤው ያው ነው። ለጉልበት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አባቷ ለዓመታት ከላይ ወደ ታች ሲያድል ኖረ፤ እያፏጨ። ስሙም ፉጨት ነበር። ፉጨቱ ከመንገዱ መታጠፊያ ሲሰማ ሰዉ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ደብዳቤ የሌለው እንኳ ሰላም ሊለው ይወጣል። ታዲያ አንድ ቀን ኮሌታ ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ሰዓት አክባሪነት ሲሰብክ፣ ፉጨት ሐሳብ ይዞት ጭልጥ አለና ሳይታወቀው ማፏጨት ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮሌታ ከነትከሻው ዞሮ ወደ ሳቁ ተመለከተ። ብዙም ሳይቆይ የኮረብታው መስመር ተገለበጠ። ከታች ወደ ላይ ሆነ።

ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም፤ ምን ይጠየቃል? ሁሉም አውቆታል። እናቷም ሌት ተቀን "አፍህ ነው ያስበላህ! አፍህ!" እያለች ባሏን ትወቅሰው ነበር። እሱም አመነ። ማፏጨት ተወ። ጉልበቱ በመጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ ከዳው፤ በመጨረሻ በቦርድ ተሰናብቶ መስኮት ስር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወንበር የተነሳው ለቀብሩ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አለቂት ደግሞ የተወጋው ልጅ ናት፤ ልጅ ከተወጋው ይብሳል።

ፖስታ ቤት የገባችውም ይህንኑ በሆዷ ይዛ ነው። ስትቀጠር ግን ኮሌታ ጡረታ ወጥቶ አገኘችው። የሚያሳድዱት አውሬ ከጥይት ሲያመልጥ እንደሚያናድድ ተናደደች። በኋላ አድራሻውን ስትሰማ፣ የዚያው የአባቷ ኮረብታ አናት ላይ እንደሚኖር ስታውቅ፣ ተረጋጋች። አዳይ ለሚያድልለት ሰው ሩቅ አይደለም።

አሁን የኮረብታውን መስመር የምታድለው እታለም ናት። እታለም የሁሉም እታለም ናት፤ ሾፌሩም፣ ዘበኛውም፣ ከሷ የሚበልጡት ሽማግሌዎች እንኳ እንደዚያው ነው የሚጠሯት። አለቂት አዲስ ገብታ ደብዳቤውን በየቤቱ ቅደም ተከተል መደርደር ሲያቅታት፣ አንዱን ሰፈር ካንዱ ስታደባልቅና ስታለቅስ፣ አጠገቧ ቆማ ያስተማረቻት እታለም ነበረች። "አይዞሽ ሚጡ፣ ደብዳቤ አይነክስም" ትላት ነበር። ጡረታዋ ሲቃረብ ኮረብታው የተሰጣትም ለእግሯ ታስቦ ነው። በመኪና ወጥታ ቁልቁል መውረድ ለሷ ዕድሜ ሽርሽር ነበር።

አዳዮች በመስመር መጨረሻ ያሉትን ቤቶች ጅራት ይሏቸዋል። ራስ የሆነ ቤት ደብዳቤውን ከቁርሱ ጋር ያገኛል፤ ጅራት የሆነ ቤት ግን ሲመሽ ነው፣ እሱም ከቀናው። ዝናብ ከጣለ፣ ጭነት ከበዛ፣ አዳዩ ከደከመ፣ ጅራቱ ለማግስቱ ያድራል። ማንም አይጠየቅበትም። ኮሌታ እስከዛሬ የኮረብታው ራስ ነበር። ሚስቱ ሞታለች፣ አንድ ልጁ ባሕር ማዶ ናት፤ በየማለዳው ፊቱን ታጥቦ፣ ያንን ኮሌታውን አድርጎ፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ጋዜጣውንና የልጁን ደብዳቤ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ለአለቂት ያወራችላት እታለም ራሷ ናት፤ እንደ ጨዋታ።

አለቂት አንድ ቤት ብቻ ነጥላ ወደ ኋላ ብትጥል ዓይን ያወጣ ነገር ይሆንባታል። መስመሩ በሙሉ ሲገለበጥ ግን ስሙ የሥራ ማሻሻያ ነው። ደግሞም ሰውየው ባደረገው በዚያው እንዲደረግበት ፈልጋለች፤ ሌላ ዓይነት በቀል አላማራትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኮሌታ ከኮረብታው ወርዶ፣ እዚህ ክፍል ገብቶ፣ በገዛ አፉ "አባትሽን በድያለሁ" እንዲል። በዚያው ቀን መስመሩን ትመልሳለች። ለራሷ እንዲህ ብላ ማለች።

"እታለም፣ መኪናው ጠዋት ጠዋት ለሌላ ሥራ ተፈልጓል" አለቻት። "ከነገ ጀምሮ ታች ነው የሚያወርድሽ። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው።"

"ከላይ ከመጣማ ምን ይደረጋል" አለች እታለም። "ከላይ የመጣ ዝናብስ ይመታን የለ። ወገቤም ይቀጥናል።"

መደርደሪያውን አብረው ገለበጡት። የአዳይ መደርደሪያ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጎጆ አለው፤ ጎጆዎቹ እግር በሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው የሚቀመጡት። እታለም የቤት ቁጥሮቹን እየላጠች ታቀብላለች፣ አለቂት ትለጥፋለች። የኮሌታን ቁጥር በመጨረሻዋ ጎጆ ላይ ስትለጥፍ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጫነችው። "እንዳይወድቅ ነው?" አለች እታለም እየሳቀች። አለቂትም ሳቀች።

በቀሉ ሠራ። በመጀመሪያው ሳምንት እታለም ወሬውን ይዛ መጣች። "ያ ሽማግሌ አሳዘነኝ ባክሽ። ጠዋት ያወጣው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ መሽቶበት አገኘሁት። ጋዜጣውን በባትሪ ነው የሚያነበው።" የአለቂት አንጀት ቅቤ ጠጣ። ቀጥሎ ዝናቡ መጣና ጅራቱ ማደር ጀመረ፤ የትናንቱ ጋዜጣ ዛሬ፣ የዛሬው ነገ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

"የእደላ ክፍል ነው?"

ድምፁን ሰምታው አታውቅም፤ ግን አወቀችው። ድምፁም እንደ አንገቱ ደረቅ ነበር።

"ነው ጌታዬ። ምን እንርዳዎት?"

"ጋዜጣዬ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሚደርሰኝ። የልጄ ደብዳቤ ደግሞ እዚያው እናንተ ጋ እንዳደረ ማህተሙ ይናገራል።"

"ደንቡ 'ደብዳቤ በዕለቱ ይታደላል፤ ባይመች በማግስቱ' ይላል ጌታዬ።"

"ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ!"

"እንግዲያው ከኛ ይበልጥ ያውቁታል" አለችና ስልኩን ቀስ ብላ፣ በጨዋ ደንብ፣ አስቀመጠችው። በልቧ "አንተ" ስትለው የኖረችውን ሰው በአፏ "እርስዎ" ማለት ራሱ ጣፈጣት። ያን ቀን ምሳዋን ሁለት ሰው የሚበላውን ያህል በላች።

በእረፍት ቀኗ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። "እሰይ!" አለች። "እሰይ የኔ ልጅ! የእጁን ሰጠሽልኝ። በሩ ላይ ተጎልቶ ይዋል፣ አባትሽ መስኮቱ ስር እንደዋለ።" ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔም እኮ አፉን እየወቀስኩ አሳረርኩት። ምን ላድርግ፣ ያንን ሰውዬ መውቀስ አልችል።" ሁለቱም ብዙ አወሩ። ኮሌታ ምን እንደሚሰማው አወሩ፣ ምን ሊሰማው እንደሚገባም አወሩ። አሁን ኮረብታውን ሽቅብ የምትወጣው ማን እንደሆነች ግን እናትየው አልጠየቀችም፤ አለቂትም አላነሳችም።

እታለም በመጀመሪያ ቀልዷን ቀነሰች። ቀጥላ ጉልበቷን በሻሽ አሰረች። ጠዋት ደብዳቤ ስትደረድር አንድ እግሯን አንስታ እንደ ሽመላ ትቆማለች፤ አዳዮቹ ሲስቁባት እሷም አብራ ትስቃለች። አንድ ቀን አለቂት በመስኮት ስትመለከት፣ እታለም የፖስታ ቤቱን ደረጃ መደገፊያ ይዛ በጎኗ ስትወርድ አየቻት። አባቷ እንደዚያ ነበር የሚወርደው። አለቂት ፊቷን ወደ ካርታው መለሰች።

"ሚጡ፣ የመኪናውን ነገር ከላይ ጠየቅሽልኝ?" አለቻት እታለም በማግስቱ።

"እጠይቃለሁ እታለም። ትንሽ ጊዜ ነው። ትንሽ ታገሽኝ።"

"እኔስ ታገስኩ፣ ጉልበቴ ነው ትዕግሥት ያጣው።"

መመለስ ትችል ነበር። ብዕር አንስቶ ካርታው ላይ የመስመሩን ቀስት ማዞር ነው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። ግን ኮሌታ ከስልኩ በኋላ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ደግሞ ሊወርድ መሆኑን ነገራት። አሁን ብትመልሰው ጠዋት ጋዜጣውን ይዞ ሊስቅባት ነው፤ አባቷም ሁለተኛ ተሸነፈ ማለት ነው። "ነገ ይመጣል" ትላለች፤ ሳይመጣ ሲቀር "ከነገ ወዲያ"። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም እንደሚባለው፣ እሷም ቂሙን ይዛ ለእታለም ማዘን አልሆነላትም። ሁለቱን ባንድ ደረት መያዝ አቃታት፤ ስለዚህ አንዱን ጣለችው። የጣለችው እታለምን ነበር።

ያንን ሳምንት ሙሉ ዘነበ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቢሮዋ በር ላይ ቆቡን ይዞ ቆመ። "እታለም ደረጃው ላይ ወድቃለች" አለ። "ስደርስ መሬት ተቀምጣ የረጠበውን ደብዳቤ በቀሚሷ እያደረቀች ነው። እንሂድ ብላት 'ጅራቱ ይቀራል' አለችኝ። እሷን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ጨርሳ ነው የወረደችው።" ሾፌሩ ካርታውን አየ፣ እሷን አየ፣ ቆቡን ደፍቶ ሄደ። አለቂት ብዕሩን አነሳች። ነገ ጠዋት፣ አለች፣ ነገ ጠዋት ቢመጣም ባይመጣም እመልሰዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት እታለም ሥራ ገባች፤ መቆም ግን አልቻለችም። ከአለቂት ክፍል በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ በሚለየው መደርደሪያ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሐኪም ቤት እንድትወስዳት ልጇን በስልክ ጠርታ እየጠበቀች ነው። አለቂት ገና ወደሷ ልትሄድ ስትነሳ በሩ ተንኳኳ፤ ኮሌታ ገባ።

አርጅቷል። ኮሌታው ስታርቹ አልለቀቀውም፤ ጠርዙ ግን ተበልቷል፣ አንገቱም ከውስጡ ቀጥኗል። ዱላ ይዟል። የኮረብታውን ደረጃ በእግሩ ወርዶ እንደመጣ ጫማው ይናገራል።

"ኃላፊዋ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጠም። ከነትከሻው ዞሮ ካርታውን አየ። "ገለበጥሽው" አለ።

"የሥራ ማሻሻያ ነው።"

"እሱን ለሌላ ሰው ንገሪ። እኔም ያንኑ ነበር የምለው።" ዱላውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ልጄ፣ ሰው ኮረብታ የሚገለብጠው አናቱ ላይ ላለ ሰው ብሎ ነው። ማነሽ? ምን አድርጌሻለሁ?"

አለቂት ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ተዘጋጅታለች። መስታወት ፊት ቆማ የተለማመደችው ንግግር ነበራት፤ አሁን ግን ከሱ የወጣላት ትንሽ ብቻ ነው።

"የፉጨት ልጅ ነኝ።"

"የማን?"

"የፉጨት። የኮረብታው አዳይ የነበረው።"

ኮሌታ ዓይኑን አጠበበ። ከልቡ ለማስታወስ እየሞከረ ነበር፤ ያ ነው ያበሳጫት። "ረጅሙ?" አለ።

"አጭር ነበር።"

"እንጃ... ብዙ አዳይ ነበረኝ።"

"እርስዎ ሲናገሩ ያፏጨው!" ድምፏ ከፍ አለ። "በስብሰባ ላይ! ሰው ሳቀብዎትና መስመሩን ገለበጡበት። በሙሉ ከረጢት ሽቅብ አስወጡት። ጉልበቱ አለቀ፣ ከሥራ ወጣ፣ ወንበር ላይ ሆኖ ሞተ። ከዚያች ቀን ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም! አሁን አስታወሱት?"

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

"ፉጨት አላስታውስም" አለ። "እውነቴን ነው። የተሳቀበትንም አላስታውስም፤ ሁልጊዜ ይስቁብኝ ነበር፣ መቼ አጣሁት። መስመሩን መገልበጤን ግን አስታውሳለሁ። ያ ቤት ያኔ የኔ አልነበረም። የወንድሜ ነበር። አባታችን ለሁለታችን የተወውን ቤት ብቻውን ይዞ አስወጣኝ። ሌላ ምንም ላደርገው አልቻልኩም፤ የነበረኝ ይህ ካርታ ነው። ጅራት አደረግኩት። ደብዳቤውን ሳስመሽበት፣ ሳሳድርበት ኖርኩ። ሲሞት ቤቱ ለኔ ሆነ፣ መስመሩንም ወደ ቦታው መለስኩት።"

"አባቴስ?" አለች አለቂት።

"አባትሽ ምን?"

"አባቴን ምን በደለዎት?"

"አባትሽ?" ኮሌታ ግራ ተጋብቶ አያት። "ከአባትሽ ጋር ምን ነበረኝ? ምንም። አላየሁትም እንኳ።"

አለቂት ጠረጴዛውን ያዘች። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ጥርስ መንከስ፣ የእናቷ "አፍህ ነው"፣ የአባቷ የተዘጋ አፍ። አባቷን የጎዳው ጠላት ቢሆን ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ጠላት ቢያንስ ስምህን ያውቃል። ይህ ሰው ግን አባቷን በጠላትነት እንኳ አልቆጠረውም። ወደ ወንድሙ ሲሄድ የረገጠው ደረጃ ነበር። አባቷ ማፏጨት የተወው በከንቱ ነው፤ እናቷም ባሏን ያሳረረችው በከንቱ። ይህን ለእናቷ ምን ብላ ትነግራታለች?

"በድያለሁ ይበሉ" አለች። ድምፏ ልመና ሆኖ ወጣ፤ ራሷም ሰማችው።

"ወንድሜን በድያለሁ። እሱን አውቃለሁ፤ በየቀኑ ቤቱ ውስጥ እየኖርኩ አየዋለሁ። አባትሽንም በድዬ ይሆናል። ግን ምን ብዬ ልበልሽ ልጄ? መልኩ አይመጣልኝም። ልዋሽሽ?" ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ከነትከሻው ዞረ። "ጋዜጣው ይቅር። የልጄን ደብዳቤ ግን በቀን አድርሱልኝ፤ በባትሪ ጽሕፈቷ አይታየኝም።"

ወጣ። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አግዳሚው ወንበር ሲጥ ሲል ሰማች፤ ያን ጊዜ ነው እታለም እዚያ መኖሯ ትዝ ያላት።

"ሚጡ" የሚል ድምፅ መጣ። "ነይ እስኪ።"

ሄደች። እታለም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ጉልበቷ ሻሹን ወጥሮ አብጧል። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ለአለቂት ይቀላት ነበር።

"ከላይ የመጣ ነው ያልሽኝ" አለች እታለም።

አለቂት ዓይኗን መደርደሪያው ላይ ካለችው የመጨረሻዋ ጎጆ አሸሸች።

"አባትሽንስ ይሁን፣ ሰውየው አላወቀውም። እኔን ግን ታውቂኛለሽ። እጅሽን ይዤ ነው ያስተማርኩሽ። እኔስ? እኔ ምን አርጌሽ ነው?"

አለቂት ፈለገች። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ በችኮላ በረበረች፤ አንድ ክፉ ቃል፣ አንድ ሐሜት፣ አንድ ያኮረፈችባት ቀን። አንድም አልነበረም። ልትዋሽም አሰበች፣ አፏ ግን አልታዘዘላትም።

"ምንም" አለች።

እታለም ራሷን ነቀነቀች። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። እኔ ዳውላ ነበርኩ በይኛ።" ሻሿን አላላች፣ መልሳ አጠበቀች። "በድዬሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ሚጡ። ቢያንስ እኔን ብለሽ ያደረግሽው ይሆናል።"

"መስመሩን አሁን እመልሰዋለሁ። አሁኑኑ።"

"መልሽው። ለሚቀጥለው አዳይ ይጠቅመዋል።"

ያን ጊዜ የእታለም ልጅ ገባች። ከሥራ ገበታዋ ተነስታ የሮጠች ሴት ናት፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። "እማዬ!" ብላ ተንበረከከች፣ እግሩን አየች፣ ሻሹን ነካ አደረገች፣ እናቷ ስታቃስት እጇን ሰበሰበች። የሆነውን አልጠየቀችም፤ በመኪናው ሲያመጣት ሾፌሩ መስመሩን ማን እንደገለበጠው መንገድ ላይ ሳይነግራት አልቀረም። እናቷን በብብቷ ይዛ አስነሳቻት። እታለም በአንድ እግሯ እየዘለለች፣ "ኧረ ቀስ፣ አትጎትቺኝ፣ የደብዳቤ ከረጢት መሰልኩሽ?" ብላ ልትቀልድ ሞከረች። ማንም አልሳቀም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ እናቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተመለሰች። አለቂት ፊት ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አለቂት ስድቡን ተዘጋጅታ ጠበቀችው፤ ቢመጣ ትወደው ነበር። ልጅቷ ግን ፊቷን አንድ ባንድ፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ እንዳይጠፋት አድርጋ አየቻት።

"ስምሽ ከነአባትሽ ማነው?" አለች።

አለቂት ነገረቻት። ልጅቷ በከንፈሯ ብቻ አንዴ ደገመችው፤ ከዚያ እናቷን ደግፋ ወጣች።